ፊርማችንን ማን ይወርሰዋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የተረቱት መጻፍን ለማመስገን ነው። እኔ ግን የምርጫ ሕጋችንን ባገላበጥኩ ቁጥር ይህ ተረት ያስፈራኛል። በዚህ አገር የሰው ስም የሰፈረበት ወረቀት ሲወረስ አይተናላ! ወራሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈራሚው ያሰበው ሰው አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ምርጫ ድምፅ በምስጢር የሚሰጥበት መሆን አለበት ይላል። ደግ ነው። መጋረጃ አለ፣ ኮሮጆ አለ፣ ወረቀትህን አጥፈህ ትከታለህ፣ «ማንን መረጥክ?» የሚልህ የለም። ግን ኮሮጆው ዘንድ ከመድረስህ በፊት ሌላ ደጃፍ አለ። እዚያ ደጃፍ ላይ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም። ፓርቲ ለማቋቋም መሥራች አባል ያስፈልጋል። ዕጩ ለማቆም ደጋፊ ያስፈልጋል። አቤቱታ ለማቅረብ አቤት ባይ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ስማቸውን ከነአድራሻቸው ጽፈው ይፈርማሉ። ለመሆኑ ኮሮጆው ዘንድ የሚሸፈነው ምስጢር ፊርማው ዘንድ አደባባይ ከወጣ፣ መጋረጃው ምን ሊሠራ ነው? የፊት በሩን ቆልፎ፣ ዘበኛ አቁሞ፣ የጓሮውን በር ወለል አድርጎ መተው ማለት ይሄ አይደል?

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለፓርቲም ሆነ ለዕጩ ወይም ለአቤቱታ የሚሰጥ ፊርማ ድምፅ ነው። ድምፅ ከሆነ ደግሞ እንደ ድምፅ ይጠበቅ! ይህን የማያደርግ የምርጫ ሕግ ተቃዋሚን በአዋጅ መከልከል አያስፈልገውም። ፍርሃት ራሱ ይከለክልለታል።

*ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ፍርሃቱም አደገ*

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ (ቁጥር 573) አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 1,500፣ ክልላዊ ፓርቲ ለማቋቋም 750 መሥራች አባላት ይጠይቅ ነበር። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1162ን ሲያጸድቅ ቁጥሩ ለአገር አቀፍ 10,000፣ ለክልላዊ 4,000 ሆነ። የአገር አቀፉ ከስድስት እጥፍ በላይ፣ የክልላዊው ከአምስት እጥፍ በላይ ዘለለ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ፓርቲዎች ጮኹ። በጥቅምት 2012 የርሃብ አድማ እስከ መጥራት ደረሱ። ጩኸታቸው የበዛው ግን በቁጥሩ ላይ ነው። «10,000 ሰው ከየት እናመጣለን?» ነበር ጥያቄው። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ 10,000 ሰው ብታመጡ ምን ታደርጉለታላችሁ? ስሙን ከነቀበሌው ጽፋችሁ ስታበቁ እንዴት ታድሩለታላችሁ?

ልዩነቱን ልብ በሉ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰው ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከእድር፣ ከማኅበር ተለቃቅሞ ይሞላ ይሆናል። ፈራሚው አስፈራሚውን ያውቀዋል፣ ይተማመናሉ። 10,000 ሲባል ግን የማያውቁትን ሰው ደጅ ማንኳኳት ግድ ነው። የማያውቁት ሰው ደጅ ደግሞ ቀበሌው ውስጥ ነው። ቀበሌ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። መታወቂያ እሱ ጋ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ እሱ ጋ ነው። የቀበሌ ቤት እሱ ጋ ነው። ስኳርና ዘይት በኮታ ሲመጣ ስማችን የሚጠራው እሱ ጋ ነው። እንግዲህ አንድ ጎልማሳ፣ አራት ልጅ ያለው፣ በቀበሌ ቤት የሚኖር፣ ለማያውቀው ልጅ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ጽፎ «ተቃዋሚ ነኝ» ብሎ ይፈርም?

*እኔ ያየሁት ቅጽ*

በ2012 ዓ.ም. ፓርቲዎች በአዲሱ አዋጅ መሠረት መሥራች አባል ሲያሰባስቡ ቦሩ ሜዳ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቦሩ ሜዳን የማታውቁ፣ ከደሴ ወጣ ብላ ያለች፣ በሆስፒታሏ የምትታወቅ ቦታ ናት። አንድ ወጣት ቅጽ ይዞ ገባ። ተቀብዬ አየሁት። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ሌላ ምንም የለውም። «ይህን ወረቀት የሚያየው እገሌ ብቻ ነው» የምትል አንዲት መስመር ፈልጌ አጣሁ። ሰባት ዓምድ ሁሉ ከፈራሚው የሚወስድ፣ አንድም ለፈራሚው የሚሰጥ የለም!

አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ነበሩ። ልጁን ቀስ ብለው ጠየቁት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ወረቀት መጨረሻው የት ነው?»

«ምርጫ ቦርድ ይገባል አባባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ፋይል ይሆናል።»

«ፋይሉን የሚያየው ማነው?»

ልጁ ዝም አለ። ሊደብቅ ፈልጎ አልነበረም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። አዛውንቱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «በል እንግዲህ የሚያየው ሲታወቅ ተመለስ። እኔም አለሁ፣ ሜዳውም አለ» አሉት። ሻይ ቤቱ ሳቀ። የፈረመ ሰው ግን አልነበረም።

አዛውንቱ ሜዳውን ያነሱት በዋዛ አይመስለኝም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት እዚሁ ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ሊቃውንቱ ዘውድ ፊት ቆመው እምነታቸውን ተናገሩ። የተረታው ወገን በዘውድ ትእዛዝ ተወገዘ። ለወሎ ሙስሊም መኳንንት የቀረበላቸው ምርጫ ደግሞ ወይ መጠመቅ፣ ወይ ሹመትን መልቀቅ ሆነ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት በዚያ ጊዜ ነው። የማን ሃይማኖት ትክክል ነበር የሚለው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳዩ አይደለም። የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው። ባለሥልጣን ፊት ቁምና ልብህን አሳይ፣ ከዚያ በኋላ እንጀራህን እንወስንልሃለን! ለዚህ በሽታ የተገኘው መድኃኒት ምስጢራዊ ድምፅ ነው። እኛ መድኃኒቱን ለምርጫው ቀን ብቻ አስቀምጠን፣ ከምርጫው በፊት ላሉት ወራት በሽታውን ትተነዋል።

*ደሴ፣ ሐምሌ 2005*

ይህ ነገር ለእኔ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ «የሚሊዮኖች ድምፅ ለነፃነት» የሚል ዘመቻ ጀምሮ ነበር። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ (ቁጥር 652/2001) እንዲሰረዝ የአንድ ሚሊዮን ሰው ፊርማ ለማሰባሰብ ነበር ሐሳቡ። ሐምሌ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. ደሴና ጎንደር ላይ በአንድ ቀን ሰልፍ ተደረገ። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ ከፈረሙት አንዱ ነኝ። ተማሪ ነበርኩ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ሰልፍ መውጣትንና አቤቱታ ማቅረብን ለማንኛውም ሰው ፈቅዷል ብዬ በሙሉ ልቤ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ፈራሚው አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ፈገግ እያለ ነው ያለው። ደብዳቤውን «ነገ ና» እያለ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ፤ ሥራውም አለፈኝ። ወረቀቱን አይቶ ይሁን ከሰው ሰምቶ ወይም ሰልፉ ላይ አይቶኝ፣ ለእኔ ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሬ ስለ ፊርማ በተነሳ ቁጥር የእኔ ታሪክ ይወራል። «እገሌን አላየህም?» ይባላል። አያችሁ፣ ዝርዝሩን ማንም ማንበብ አያስፈልገውም። ሊነበብ ይችላል ተብሎ መታሰቡ ብቻ ሰፈሩን ዝም ያሰኘዋል። የአንዱ ደብዳቤ መዘግየት ለሃምሳው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

የተቃወምነው አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ (ቁጥር 1176) ተተክቷል። ያኔ «ሽብርተኛን የሚደግፉ» ይባሉ የነበሩ ሰዎች ያሉት ነገር ከሰባት ዓመት በኋላ መንግሥት ራሱ የሚለው ሆነ። ደስ ይላል። ግን ሕጉ ሲለወጥ የፈራሚው ስም አብሮ ተሰረዘለት? ማንም ጠርቶ «ወረቀትህን አቃጥለነዋል፣ በሰላም ግባ» ያለው የለም።

*ውርሱ*

አሁን ወደ ውርሱ እንምጣ። የ2007 ዓ.ም. ምርጫ አራት ወር ሲቀረው፣ በጥር 2007፣ ምርጫ ቦርድ በአንድነት ውስጥ ከተከራከሩት ወገኖች ለአንዱ ፓርቲውን ሰጠ። ስሙም፣ ማኅተሙም፣ ቢሮውም ተላለፈ። በግንቦቱ ምርጫ 547ቱም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። ስለዚህ ብዙ ተጽፏል። እኔ የማነሳው ግን የሰነዱን ነገር ነው። ፓርቲ ሲተላለፍ የአባላት መዝገብና ፈራሚዎች ያሉበት ወረቀት እንደ ወንበርና ጠረጴዛ አብሮ ይተላለፋል? ሰው የሚፈርመው አምኖ ለሚሰጠው ሰው ነው። ያ ሰው በውሳኔ ከቢሮው ሲወጣ እምነቱ ለገባው ሰው አይወረስም። ወረቀቱ ግን ይወረሳል!

የባሰውን ደግሞ እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እናውቀዋለን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ሁለቱንም ከተሞች ያዙ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስም ቆዩ። መሥሪያ ቤቶች ተሰበሩ፣ ተዘረፉ። ፋይል መሬት ላይ ተበተነ። ለአንዱ መንግሥት ተብሎ የተጻፈ ስም በአንድ ሌሊት በሌላ ኃይል እጅ ሊገባ እንደሚችል ከዚያ በላይ ማን ያስተምረን? ዝርዝር ባለቤቱን አያውቅም። የያዘው ሁሉ ያነበዋል። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ዘመን የስም ዝርዝር ምን እንደሠራ ወላጆቻችን ይናገሩ። «የኔ መንግሥት ነው፣ አይጎዳኝም» ብሎ ፋይል የሚያከማች ካድሬም ይህን ያስብ። ነገ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። የእሱ ስምም አንድ ሌላ ዝርዝር ውስጥ አለ።

*ሌላው ዓለም ምን አየ?*

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በቬኔዝዌላ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ ከሥልጣን ይውረዱ አይውረዱ የሚል ሕዝበ ውሳኔ እንዲጠራ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ። ሕገ መንግሥታቸው የፈቀደላቸው መብት ነው። ሉዊስ ታስኮን የተባለ የቻቬዝ ወገን የሆነ የምክር ቤት አባል የፈራሚዎቹን ዝርዝር አግኝቶ በኢንተርኔት ለቀቀው። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ዝርዝሩ «የታስኮን ዝርዝር» ተባለ። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲቀጥሩና ሲያባርሩ ያዩት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2005 ቻቬዝ ራሳቸው «ያ ዝርዝር ይቀበር» እስከ ማለት ደረሱ። የተበተነ ዝርዝር ግን አይቀበርም። ፈርመው ሥራቸውን ያጡ ሦስት ሴት የመንግሥት ሠራተኞች አሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሰው፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥትን ጥፋተኛ አለው። አሥራ አራት ዓመት! ለእንጀራ የሚሟገት ሰው አሥራ አራት ዓመት ምን በልቶ ይጠብቃል?

በሌላ በኩል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የዋሽንግተን ግዛት ፈራሚዎችን ጉዳይ አይቶ፣ የፈራሚ ስም ለሕዝብ ይፋ መሆኑ በራሱ ሕገ መንግሥት አይጥስም ብሎ ስምንት ለአንድ ወሰነ። ሆኖም ፈራሚዎች ዛቻና ጥቃት እንደሚደርስባቸው ማሳየት ከቻሉ ስማቸው ሊሸሸግ የሚችልበትን በር ክፍት ተወ። ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ለፖለቲካ አቋም በአደባባይ መቆም የዜጋ ድፍረት ነው፣ ያለ ድፍረት ዴሞክራሲ የለም የሚል ሐሳብ ጽፈዋል።

እኛ አገርም ይህን የሚሉ አሉ። «የምትደግፈውን ለመናገር ከፈራህ አትፈርም!» ይላሉ። ጥሩ ንግግር ነው፤ ለሚችለው። ድፍረት ግን እኩል አይከፋፈልም። የራሱ ቤት ያለው ነጋዴና በቀበሌ ቤት የሚኖር የቀን ሠራተኛ አንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ የሚከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ተቃዋሚ ናቸው የተባሉ ገበሬዎች ከእርዳታ እህል፣ ከማዳበሪያና ከብድር እንደተከለከሉ ዘርዝሯል። መንግሥት ያኔ ሪፖርቱን አልተቀበለውም። ገበሬው ግን የሚያውቀውን ያውቃል። እርዳታ ከሚያከፋፍለው ሰው ጠረጴዛ ሥር የተቃዋሚ ዝርዝር አስቀምጦ «ደፋር ሁን» ማለት በሰው ቁስል መቀለድ ነው።

*«ሐሰተኛ ፊርማስ?»*

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ እኔም አልሸሸውም። ፊርማ ካልታየ እንዴት ይጣራል? የሞተ ሰው ስም፣ የአንድ ሰው እጅ መቶ ጊዜ የጻፈው ፊርማ፣ የሌለ የቤት ቁጥር አይመጣም ወይ? ይመጣል! ፓርቲዎቻችን ቅዱሳን አይደሉም። በ2012 እና በ2013 ቦርዱ የፓርቲዎችን ሰነድ ሲመረምር መስፈርት አላሟሉም ብሎ ብዙዎቹን መሰረዙን አንረሳም። ስለዚህ መጣራት አለበት።

ግን ማጣራትና ማጋለጥ ለየቅል ናቸው። ሐኪም በሽታህን ያያል፤ ስላየው ግን ገበያ ላይ አይናገረውም። ቦርዱ በራሱ ሠራተኞች፣ በናሙና፣ ፈራሚውን ለብቻው ጠይቆ ሊያጣራ ይችላል። የማይቻለው፣ ሊፈቀድም የማይገባው፣ ዝርዝሩን ለቀበሌ ሰጥቶ «እነዚህ ሰዎች ነዋሪዎቻችሁ ናቸው ወይ?» ማለት ነው። ጅብ በግ ይቆጥር ዘንድ በረት ማስገባት ይሉሃል እሱን ነው።

«የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለ» የሚሉኝም አሉ። አዎ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321ን አጽድቋል። የፖለቲካ አመለካከትንም በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙ መረጃዎች ቆጥሮታል። እሰየው! ይህ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አገሪቱ የሰው ፖለቲካዊ አመለካከት ጥንቃቄ ይፈልጋል ብላ በሕግ ከጻፈች፣ ከፊርማ ቅጽ በላይ የፖለቲካ አመለካከት የሚጻፍበት ወረቀት የት አለ? ታዲያ የምርጫ ሕጉና የዳታ ሕጉ ለምን በአንድ ቋንቋ አይናገሩም? ሻይ ቤት ድረስ ቅጽ ይዞ የሚመጣው ልጅ ስለዚህ አዋጅ ለፈራሚው የሚያነበው አንድ መስመር ለምን አይኖረውም?

*ምን ይደረግ?*

አዋጅ 1162 በ2017 ዓ.ም. ለማሻሻያ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ነበር። የምርጫ ሕግ በዚህ አገር አንዴ ተሻሽሎ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ነገም ይመጣል። ሲመጣ ፓርቲዎች ስለ ቁጥርና ስለ ገንዘብ ብቻ እየተከራከሩ እንዳይወጡ የሚከተለውን እዚህ አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ በየፊርማ ቅጹ ራስጌ ላይ፣ በአማርኛም በየአካባቢው ቋንቋም፣ ወረቀቱን ማን እንደሚያይ፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ በጉልህ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከምርጫ ቦርድ በቀር ቀበሌም ሆነ ወረዳ፣ ፖሊስም ሆነ ደኅንነት፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ዝርዝሩን እንዳያይ በሕግ ይከልከል። ሦስተኛ፣ ማጣራቱ ሲያልቅና የአቤቱታ ጊዜው ሲያልፍ ወረቀቱ ታዛቢ ባለበት ይቃጠል፤ ፓርቲዎችም ቅጂ አያስቀሩ። አራተኛ፣ ፓርቲ ሲከፈል፣ ሲዋሐድ ወይም ሲሰረዝ የፈራሚዎቹ ዝርዝር እንደ ንብረት ለማንም አይተላለፍ። አምስተኛ፣ በፈረመው ፊርማ ምክንያት ሰውን ከሥራ፣ ከቤት፣ ከኮታ ወይም ከደብዳቤ የከለከለ ሹም በወንጀል ይጠየቅ። ሰው ፈርሜያለሁ ብሎ በራሱ አንደበት መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ያ የእሱ መብት ነው። ሌላው ሰው ግን ስለ እሱ አይናገርለት።

ይህን ለመንግሥት ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ተቃዋሚዎች ሆይ፣ እናንተንም ነው! ሕጉ እስኪሻሻል አትጠብቁ። ለማስፈረም ስትወጡ የስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር ሕጉ ካልጠየቃችሁ አትጠይቁ። ቅጹን በዘምቢል ከሻይ ቤት ሻይ ቤት አታዙሩት። የአንዱን ስም ለሌላው እያሳያችሁ «ይኸው እገሌም ፈርሟል» አትበሉ፤ ይህን ያያችሁት ካድሬ ሲሠራው ነው፣ ከእሱ አትማሩ። ለሕዝብ ነፃነት እታገላለሁ የሚል ሰው የሕዝቡን ስም እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ካልቻለ፣ ሥልጣን ሲይዝ ምን ሊጠብቅ ነው?

አንባቢ ሆይ፣ አንተም አትፈርም አልልህም። ፈርም። ግን ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፤ ይህን ወረቀት የሚያየው ማነው? መልስ ካላገኘህ ብዕሩን መልስለት። አሥር ሺህ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ሕግ አውጪውም አስፈራሚውም መልስ ይዘው ለመምጣት ይገደዳሉ። ያን ጊዜ ፊርማችን ለልጆቻችን የሚወረስ ታሪክ ይሆናል፤ ለባለጊዜ የሚወረስ ዝርዝር ሳይሆን።

ቸር ይግጠመን።